ነፍስ ያለውና ሬሳው

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ጋሼ አብዱልሐሚድ፣

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሀጀር አድጋለች፤ ምላሷ ከእኔ በልጧልና ከማን ወረሰችው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ባሌ ሙስአብ እጁን ከብረት ላይ ስለማያነሣ እኔው ጸሐፊ ሆኜ ሰላምታውን አቀርባለሁ።

ደብዳቤህ በሳቅ ገደለኝ። አንተ ሰውዬ፣ ከኮምቦልቻ አሰብ ስትመላለስ ፀሐይ አናትህን መታህ እንዴ? «የምትቀብሩት የማንን ሬሳ ነው?» ትለኛለህ! ለሙስአብ ጮክ ብዬ ሳነብለት መጋዙን ጥሎ ሳቀ። እሺ፣ ላስረዳህ።

ኦሎምፒያ አካባቢ የነበረው የፈረንጆች ድርጅት ሲዘጋ፣ በየወረዳው ክሊኒክ የክትባት ማቀዝቀዣ ሲያሠሩ የኖሩትን አሮጌ ሶላሮች ሙስአብ በጨረታ አነሣቸው ብዬህ የለ? ግማሹ በረዶ የመታው፣ ግማሹ ልጆች በወንጭፍ የፈረካከሱት ነው። እኛ አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እናጋድምና ሽቦውን ካሮጌዋ ሬዲዮ ጋር እናገናኛለን። ሬዲዮዋ ከተናገረች «ነፍስ አለው» እንላለን፤ ዝም ካለች «ሬሳ» ነው። ይኸው ነው ነገሩ። ነፍስ ያለው ባንተ መኪና ወደ ወሎ ይመጣል። ሬሳው ይበለታል። ጠርዙ አሉሚኒየም ስለሆነ ድስት ሠሪዎቹ ይወስዱታል፤ ለመዳቡም ፈላጊ አይጠፋም። መስታወቱን ግን ማን ይይዘዋል? ያ ጥቁር ነገር ተጣብቆበት በምንም አይላቀቅም። መጀመሪያ አራብሳ ወስደን ገደል ውስጥ እንደፋው ነበር፤ የገበሬዎቹን ከብቶች እግር ሲቆራርጥ በዱላ አባረሩን፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ጓሯችን ውስጥ ትልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን እንቀብረዋለን። ሰፈሩ ለምዶናል። ጎረቤቴ ወርቅዬ እንኳ በአጥር ብቅ ብላ «ዛሬስ ሬሳ አላችሁ?» ትለናለች።

የላስታውን ልጅ፣ ኃይለኪሮስን ሰላም በይልኝ ላልከው፣ ልጁ የለም። ጠርዝ የሚነቅልልን እሱ ነበር፣ እጁም ፈጣን ነበር፤ አንድ ቀን ሳይሰናበት ጠፋ። ታላቅ ወንድሙ ወልደጻድቅ ሊፈልገው ሲመላለስ ከረመ። ከተበተነው ጦር የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። ቤት ተከራይቶ ልጁን ያኖረው እሱ ነው፤ በቀበቶም የሚገርፈው እሱ ነው። ሙስአብ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሄዷል» ብሎ መለሰው። ሰውየው ግን በሩ ላይ ቆሞ ግቢያችንን አየ፣ አየ፣ አየና ሄደ። አተያዩ ደስ አላለኝም። አንተ ልጁን መንገድ ላይ ካየኸው በጆሮው ይዘህ ላክልን።

እህትህ ሸምሲያ


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

እህቴ ሸምሲ፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሙስአብን በጀነት ያኑረው፤ አንቺንና ሀጀርን ያጽናችሁ።

እንዴት ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። እኔ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት ስጠብቅ እናንተ ቀብራችሁት ነበር። የሰማሁት ሚሌ ኬላ ላይ ነው። አንድ ሾፌር ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት «የእህትህን ባል በመጥረቢያ ገደሉት» ብሎኝ አለፈ። እንዲህ ይነገራል? መኪናውን አቁሜ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ረዳቴ ውሃ አፈሰሰብኝ። ኮምቦልቻ ስደርስም መኪናው ብልሽት ገጥሞት ይኸው ታስሬ ተቀምጫለሁ። ቀብሩ ላይ ያልቆምኩ ወንድም ሆንኩብሽ፤ ዐፉ በይኝ።

አሁን የምጠይቅሽን በቁጣ እንዳታይብኝ። እዚህ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ ሌባ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ «ክርስቲያን ሙስሊም ገደለ» እያለ በየጫት ቤቱ ወጣቱን ያነሣሣል። ትናንት ዱላ ይዘው የላስታ ሰዎች የሚበዙበት በረንዳ ድረስ የሄዱ ነበሩ፤ ሽማግሌዎች ባይደርሱ ደም ይፈስ ነበር። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ አለብኝ። ገዳዩ ወልደጻድቅ መሆኑን ሰምቻለሁ። ሙስአብ ግን ከሰው ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ያ ሰው ምን አይቶ፣ ምን ሰምቶ ነው መጥረቢያ ያነሣው?

ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አብዱልሐሚድ


ገርጂ
ኅዳር 11 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ብትመጣም ባትመጣም ሙስአብ አይነሣም፤ ይቅርታህን ተወው። አልተቀየምኩህም። የተቀየምኩት ሌላ ነው።

ሌባ አይደለም። ሃይማኖትም አይደለም። ለእነዚያ ጫት ቃሚዎችህ ንገራቸው፤ በባሌ ደም ማንም ዱላ እንዳይወለውልበት! ወርቅዬ አስከሬኑን ከመሬት አብራኝ ያነሣች ክርስቲያን ናት፤ ቀሚሷ ላይ ያለው ደም እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ሰውየው ወንድሙን ገድለን ጓሮ የቀበርነው መስሎት ነው። ይኸው ነው። ከቀትር በኋላ ነበር፤ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ። መጀመሪያ በሩ ሲገነጠል ሰማሁ። ከዚያ ሙስአብ «ኧረ በአላህ! ኧረ ስማኝ!» ሲል። ስወጣ መጥረቢያው፣ የራሳችን መጥረቢያ፣ የሙስአብ ትከሻ ላይ ነበር። የሰውየው ጀርባ ላይ ተንጠለጠልኩ፣ ጆሮውን ነከስኩ፣ እንደ ዝንብ አራገፈኝ። ሁለተኛውን ሙስአብ አንገት ላይ አሳረፈበት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የጉድጓዱን ነገር ግን ልንገርህ። ፖሊሶች መጡ፤ ሰውየውን አሰሩት፤ «ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው» እያለ ሲጮህ እውነት መስሏቸው ቆፋሪ አመጡ። ባሌ አንሶላ ለብሶ ተጋድሞ፣ እነሱ ጓሯችንን ይቆፍራሉ! ጥቁር መስታወት ወጣ። ቀጠሉ፣ መስታወት ወጣ። ወልደጻድቅ የፊጥኝ እንደ ታሰረ «ጨምሩ! ከሥር ነው! ጨምሩ!» ይላል። ከሥር ያለው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አካፋው ጮኸ። ያኔ ሰውየው በጉልበቱ ወደቀና አስመለሰው። ተንፏቆ ወደ ሙስአብ ሊመጣ ሲል ፖሊሱ በቆመጥ መታው። እኔ «ጨምርለት!» አልኩ። አልዋሽህም፣ አልኩ።

ምን ሰማ ላልከኝ፣ እሱን ተወኝ። ለፖሊስም አልመለስኩም።

ሐሩን አብዷል። የሙስአብ ታናሽ ወንድም መሆኑን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ታውቃለህ። ታክሲውን አቁሞ ቢላ ሲስል ይውላል። «ገዳዩ እስር ቤት ነው፣ አልደርስበትም፤ ግን ያ የጠፋው ወንድሙ አንድ ቀን ብቅ ይላል፤ ወንድም በወንድም ነው» ይላል። ዝም በል እለዋለሁ። ውስጤ ግን ዝም አይልም፤ ውስጤ እንደሱ ነው።

ሸምሲያ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሸምሲ፣

ተቀምጠሽ አንብቢው። ኃይለኪሮስ በሕይወት አለ። አሰብ ወደብ ላይ ከረጢት ሲሸከም አገኘሁት። ትከሻው ተልጦ ከስቷል፤ በሳቁ ነው የለየሁት። «ጋሽ አብዱልሐሚድ!» ብሎ ሮጦ መጣ፤ ምንም አልሰማም ነበር። ወንድሙን ሸሽቶ ነው የጠፋው። ጀርባውን ገልጦ አሳየኝ፤ የቀበቶው ዘለበት ሥጋው ላይ ታትሟል። «ሳልሰናበት የሄድኩት ጋሽ ሙስአብ እንዳይዋሽልኝ ብዬ ነው» አለኝ፤ «ወንድሜ ዓይን አይቶ ውሸት ያውቃል፣ ካወቀ ደግሞ ይማታል» አለ።

ነገርኩት። እንዴት እንደ ነገርኩት አትጠይቂኝ። ግንባሩን ከመኪናዬ ጎማ ጋር ሲያጋጭ ሦስት ሰው ሆነን ያዝነው። አሁን እኔ ቤት ነው፤ አይበላም።

አንድ ነገር ግን አለ። ጉድጓዱ መቆፈሩን ስነግረው ማልቀሱን አቆመና ምን አለኝ መሰለሽ? «ሬሳ ብለዋል አይደል? እትዬ ሸምሲያ ጮክ ብላ ጠይቃ ጋሽ ሙስአብ ከጓሮ መልሶ ይሆናል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።» እኔም ያን ጊዜ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ፤ እኔ ራሴ ከኮምቦልቻ ሆኜ የደነገጥኩበትን ቃል ያ ወንድሙን የሚፈልግ ሰው በር ላይ ሆኖ ቢሰማው ምን ይሆናል?

እንደዚያ ነው ወይ የሆነው? ከሆነ ለዳኛ መናገር አለብሽ። ካልተናገርሽ ሰውየው ያለ ምክንያት አስቦበት እንደ ገደለ ተቆጥሮ ይሰቀላል። እዚህም እውነቱ ካልታወቀ ወሬው አይበርድም።

አብዱልሐሚድ


ገርጂ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአብዱልሐሚድ፣

ዛሬ ጋሼም ወንድሜም አልልህም። የባሌን ገዳይ ወንድም ቤትህ አስገብተህ ታበላለህ፤ ከዚያ እኔን «ተናገሪ» ትለኛለህ? ይሰቀል! ይሰቀልና እኔም ፊት ለፊት ቆሜ ልየው! ሀጀር በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች፤ ይህን ማን ይመልስልኛል?

አዎ። እንደዚያ ነው የሆነው። ደስ አለህ? ከማድ ቤት «ሬሳዎቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሙስአብም ከጓሮ «ቀብሬያቸዋለሁ! ነፍስ ያለው አንድ ቀርቷል፤ እሱንም አሁን እጨርሰዋለሁ!» አለኝ። ሥራውን ነው፣ የቀረውን ሶላር በሬዲዮ መሞከሩን ነው! አስበው፣ ወንድም ጋሼ፤ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይህን ሰማ። ነፍስ ያለው አንድ ቀርቷል። እኔ ብሆን እኮ በሩን እገነጥል ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ ሰውየውን እንዳልጠላው የሚያደርገኝን ነገር እጠላዋለሁ።

ይህን የሰማን እኔና ገዳዩ ብቻ ነን። ሙስአብ የለም። ወርቅዬ ገበያ ነበረች።

ሐሩን ልጁ መገኘቱን መገናኛ ላይ ከሾፌሮች ሰምቶ መጣ። ቃሉንም አወቀ፤ በንዴት ነገርኩት። «ይህን ፍርድ ቤት ከተናገርሽ ወንድሜን ዳግመኛ ገደልሽው። ሰው እየሳቀ በራሱ አፍ ተገደለ ይላል» አለኝ። ደግሞም «ለባሏ ሐዘን ዒዳ ላይ ያለች ሴት ከቤቷ ወጥታ ለገዳይ ትመሰክራለች?» ብሎ በጥፊ መታኝ። የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ። እኔም ክንዱን ነከስኩት፣ ደም እስኪመጣ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን፤ ከዚያ ተነሥቶ ማለ። ልጁ ለምስክርነት በመጣ ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ አንጀቱን ሊያፈስሰው በሙስአብ መቃብር ማለ። ሐሩን ምሎ አይተውም፤ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ አታምጣው። ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ሐሩን ብለህ አታምጣው። አንዱን ቀብሬያለሁ፤ ሌላውን እስር ቤት ስንቅ ይዤ የምመላለስበት ጉልበት የለኝም።

ሸምሲያ


ኮምቦልቻ
ጥር 16 ቀን 1989 ዓ.ም.

እህቴ፣

ረመዳን ነውና ስድብሽን ዋጥኩት። ጥርስሽን ሐኪም ይየው።

መጥሪያው ደርሷል። ልጁን አስቀርቼው ነበር፤ በሩን እንኳ ቆልፌበት ነበር። ምን አለኝ? «ወንድሜ ገራፊዬ ነው፣ እውነት ነው። ግን እኔን ሲፈልግ ነው ሰው የገደለው። እሱ ሲሰቀል እኔ እዚህ ሹሮ ልበላ?» አለኝ። የካቲት 6 ቀን ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። ከሐሩን በኩል የሚመጣውን እኔ ፊት ለፊት ሆኜ እቀበላለሁ። ካሻው በእኔ ይጀምር።

ልጁ መኖሩ ብቻውን ወንድሙን አያድነውም። ጠበቃው እንዲህ ነው ያለኝ፦ «ጠፍቶ ነበር፣ ተገኘ፣ እሺ፤ ግን በዚያ ቀን ምን ተሰማ?» ወልደጻድቅ አልናገርም ስላለ ያንን የምትናገሪ አንቺ ብቻ ነሽ። ትናገሪ እንደሆነ ትናገሪያለሽ፣ ዝም ትይ እንደሆነ ዝም ትያለሽ። አልፈርድብሽም። ባልሽ ነው።

ለሐሩን ግን እግሩ ላይ ወድቀሽም ቢሆን ለምኝልኝ።

አብዱልሐሚድ


ገርጂ
የካቲት 17 ቀን 1989 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ልጁን ከፍርድ ቤት በቀጥታ ይዘህ እንድትመለስ ያደረግሁህ እኔ ነኝና ቤቴ ሳትገባ በመሄድህ አታፍር። ደኅና መግባታችሁን ሰምቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። «ነጠላሽ ላይ የነበረው ደም የማን ነው? ሐሩንስ ለምን ቀረ?» ብለህ የጻፍክልኝን ይኸው እመልሳለሁ።

ያን ጠዋት ሐሩን የሙስአብን ኮት ለብሶ መጣ። ቢላው ከብብቱ ሥር ነበር፤ አጎንብሶ ሀጀርን ሲስማት አየሁት። እንዳልከኝ እግሩ ላይ ወደቅሁ። በአላህ አልኩት፣ በረሱል አልኩት፣ በእናቱ ጡት ለመንኩት። በጫማው ገፍቶኝ ወደ በሩ ሄደ። እዚያ ግድግዳው ሥር የግንባታ ብረት፣ ፌሮ፣ ተደግፎ ነበር። አንሥቼ ቀኝ እጁን፣ ቢላ የሚይዝበትን፣ አንጓው ላይ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ዞሮ «እትዬ!» አለኝ። በግራው ቢላውን ሊያወጣ ሲል ዳግመኛ እዚያው ላይ መታሁት። ወደቀ። ስብራቱ ቆዳውን በስቶ ወጥቶ ነበር፤ ደሙ የእሱ ነው። ነጠላዬን የቀየርኩ መስሎኝ ነበር፤ አልቀየርኩም። ሐሩንን ለወርቅዬ አስረከብኩትና በታክሲ ወደ ፍርድ ቤት መጣሁ።

ውስጥ የሆነውን እናንተ ውጭ ስለነበራችሁ አልሰማችሁም። ዓቃቤ ሕጉ ስለ መጥረቢያው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጠበቃው «ሟች ከመመታታቸው በፊት ምን ብለው ነበር?» አለኝ። ወልደጻድቅ ቀና ብሎ አየኝ። ያ ሁሉ አካል ሟሙቶ ልብሱ ላዩ ላይ ይንጠለጠላል። እዚያ ጋ ዝም ብል ያልቅለት ነበር፤ ዝምታው ምላሴ ላይ ጣፍጦኝ ነበር፣ ወላሂ። ከዚያ ሐሩን ትዝ አለኝ፣ መሬት ላይ እንደ ሕፃን ሲጮህ። ተናገርኩ፤ ቃል በቃል፣ በሙስአብ ድምፅ። ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው «ሬሳ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» አሉኝ። «የማይሠራ ሶላር ነው» አልኩ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ዳኛው አስወጡት። ወልደጻድቅ ግን «ዝም በይ! አትማሪኝ! ስቀሉኝ!» ብሎ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር እያጋጨ ጎትተው አወጡት። እኔም «አልማርኩህም! የሆነውን ነው የተናገርኩት!» ብዬ ጮህኩበት። አልማርኩትም፣ ወንድም ጋሼ። ይህን እወቅልኝ። ጠበቃው ገመዱ ቀርቷል፣ በእስራት ያልቃል ብሏል። ለጫት ቤቶችህ ቃሉን ከእኔ አፍ እንደወጣ አድርስላቸው።

ሐሩን እኔ ቤት ነው። ሐኪም ቤት አጥንቱን አቃንተው እስከ ጣቱ ጫፍ ጀሶ አድርገውበታል። ቀኝ እጁ ነው እንግዲህ። በግራ እጅ አልበላም አለ፤ ሸይጧን ነው በግራ የሚበላው አለ። በማንኪያ ስሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሰፈሩ ሰዎች ባዕድ ወንድ በእጅሽ ማጉረስ አይገባሽም አሉኝ። ከቤቴ ውጡ አልኳቸው፤ እጁን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ማን ሊያጎርስልኝ ነው?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጉርሻውን ይዤ ክንዴ እስኪዝል ተቀመጥኩ፤ አፉን አልከፈተም። ወጡ በአይበሉባዬ ላይ ወረደ። ሀጀር ኩባያ ይዛ ከምታጠጣው ወተት በቀር ምንም አልቀመሰም። ትናንት ደግሞ ጥርሱን ነክሶ እጄን በግራው መትቶ ጉርሻውን ጣለው። አንሥቼ ሌላ ጠቀለልኩ።

ዛሬ ምሳ ላይ አፉን ከፈተ። አኘከ፣ ዋጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አፉን ከፈተ።

ሸምሲያ